በሦስት ሳምንት ያረጀ ሰው

ይስማው የኩላሊት ካንሰር ሲገኝበት ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። በዚያ ዘመን የወጣቶች ካንሰር መድኃኒቱ እርጅና ነበር፤ እብጠቱ የሚያድገው በወጣት ገላ ላይ ስለሆነ፣ ሐኪሞቹ በሽተኛውን በሦስት ሳምንት አርባ ዓመት ያስረጁታል።

«ብቻ ኑርልኝ እንጂ፣ ሽበቱን እንለምደዋለን» ብላ ሚስቱ ትርሲት አብራው ፈረመች።

ደሴ ወዳለው ቤቱ የተመለሰው በምሳ ሰዓት ነው። ከሚኒባሱ ወርዶ በሩ ጋ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ አረፈ። የአራት ዓመት ልጁ ማህደር ትንሽ አየችውና፣ ለሽማግሌ እንደሚደረገው ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ?»

«አባትሽ ነኝ እኮ፣ ማሂዬ።»

«አባዬ ሐኪም ቤት ነው። ሲሻለው ይመጣል።»

ትርሲት ልጅቷን ወደ ጓዳ ላከቻት። እጁን አስታጠበችው፣ ምሳ አቀረበች፣ ሥጋውን በጣቷ እያደቀቀች ወደ እሱ በኩል አደረገችለት።

«ይብሉ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» አለች።

ያለችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ፊቷ ተለዋወጠ። ይስማው ሊያርማት ፈልጎ ነበር፤ አፉ ላይ የመጣለት ግን ሌላ ሆነ።

«እሺ፣ ልጄ።»

ከምሳ በኋላ ሳሎን ውስጥ ለብቻው አልጋ ስታነጥፍለት፣ ለምን ብሎ አልጠየቃትም።