ባቡር በደንብ የሚታይባቸው ቦታዎች

ሁለቱ ወንድማማቾች የባቡር ማቋረጫ ዘበኞች ነበሩ። አንድ ቀን ታናሽየው ባቡር ሲመጣ መንገዱን የሚዘጋውን መዝጊያ ማውረድ ረስቶ ሰው አለቀ። «ተረኛው ጋሼ ነበር» ብሎ መሰከረ። ታላቅየው ታስሮ እዚያው ሞተ። የሞተ ተጎዳ፤ ታናሽየውማ ዕድገት አገኘ።

ዘንድሮ ጡረታ ሲወጣ የወንድሙን ደብተር ከሣጥን አወጣ። ሟች ባቡር ማየት ነፍሱ ስለነበር በከተማው ያሉትን ጥሩ ጥሩ መመልከቻዎች ጽፎበታል። ታናሽየው ደብተሩን ይዞ ለአንድ ቀን ከተማ ገባና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ።

«ድልድዩ ላይ፣ ሦስተኛው ምሰሶ ጋ። አራት ሰዓት ላይ ቀዩ ባቡር ያልፋል።»

ቀዩ አለፈ።

«ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥ። ጫማህን ፈታ አድርገው፤ አዲስ ስለሆነ ይቆረቁርሃል።»

ጫማውን አየ። የገዛው ትናንት ነው።

«ተው እንጂ ጋሼ!» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። እግሩ ግን መንገዱን ቀጠለ።

የመጨረሻው ገጽ የድሮ ማቋረጫቸው ጋ አደረሰው። ዘበኛ ቤቱ ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል። እያነበበ ሲራመድ ሐዲዱ መሃል ገብቷል።

«እዚህ ቁም። ባቡር ፊት ለፊት የሚታየው ከዚህ ብቻ ነው። ስለ መዝጊያው አታስብ፤ እኔ አልረሳም።»

ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር፤ ጣቱን አጠቆረው። ከፊቱም ከኋላውም መዝጊያዎቹ ወረዱ።