ጣሪያው ላይ የታሰረው በግ

«እኔ በዚያ ቀን መኪና አልነዳሁም ሳጅን! የልጄ ክርስትና ነበር እኮ!»

የትራፊክ ፖሊሷ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እሱ አዞረችለት።

ይታየው ጎንበስ ብሎ አየ።

ነጭ ሚኒባስ። ታርጋው የራሱ ነው፤ አንድ ቁጥር እንኳ አይለይም። ከሞላሌ ወደሚኖርበት ወደ መሐል ሜዳ ስትበር ራዳር ያነሳት ፎቶ ነው።

ቀኑም ያው የክርስትናው ቀን...

«ካህናቱን ጠይቁ! እኔ ሚካኤል ነበርኩ። መኪናዬ ግቢዬ ቆማለች!»

«አንተስ ቤተ ክርስቲያን ነበርክ እንበል... መኪናዋን ቆማ ያየ ማን አለ?»

ማንን ይጥራ? ጎረቤቱ ሁሉ በዚያ ጠዋት ክርስትናው ላይ ነበር።

ሳጅኗ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የፍጥነት ብቻ ቢሆን ተቀጥተህ ትሄድ ነበር ወንድሜ። በዚያው ጠዋት፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ አንድ ሰው ተገጭቶ ቦይ ውስጥ ወድቆ ተገኝቷል። እስካሁን አልነቃም። ነጭ ሚኒባስ ናት ገጭታ ያመለጠችው... ታርጋዋን ያነበበ የለም።»

ከዚያ የክሱን ወረቀት ከነፎቶው ሰጠችው።

«ካመንክ ፈርም። ካላመንክ ነገ መኪናዋን ይዘህ ቅረብ።»

ይታየው ሳይፈርም ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ሾፌር ነው፤ ቤቱ የሚተዳደረው በዚያች ሚኒባስ ነው። አሁን ደግሞ እስር ቤት ታየው።

ያኔ ነው የባልደረባው ነገር ትዝ ያለው። «አንተ ሰው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጡሩምባ ነፍቼልህ ዘግተኸኝ አለፍክ» ብሎ ወቅሶት ነበር። በዚያ ሰሞን ይታየው ደብረ ብርሃን አልሄደም...

ለካ የሆነ ቦታ፣ የእሱን ታርጋ ለብሶ የሚዞር ሌላ መኪና አለ!

ቤቱ ሲደርስ አበልጁ ባስልዮስ መጥቶ አገኘው።

ባስልዮስ ማን መሰላችሁ? ባለፈው ክረምት የይታየው የኋላ ታርጋ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ቀርቶ ነበር። ከቀናት በኋላ አንድ የማያውቀው ሰው ባለቤቱን አፈላልጎ ቤቱ ድረስ አመጣለት። ጉርሻ ሲሰጡት «በስመ አብ! ለዚህ ደግሞ?» ብሎ እምቢ አለ። የይታየው ሚስት አስካለ ማርያም ያኔ እርጉዝ ነበረች። «ወንድ ከሆነ ክርስትና የሚያነሳው ይሄ ሰው ነው!» አለች... ወንድ ሆነ፤ ባስልዮስም አነሳው።

ዛሬም ሕፃኑን ታቅፎ መደቡ ላይ ተቀምጧል።

«አበልጄ፣ ትራፊክ ቢሮ ጠርተውህ ነበር አሉ... ምን አሉህ?»

ይታየው ሚስቱን አያት። እሷ «እኔ አልነገርኩትም» በሚል ራሷን ነቀነቀች።

እሱ ግን ልቡ ስለተሰበረ ብዙም አላሰበበትም። ወረቀቱን ሰጠውና ሁሉንም ዘረገፈለት።

ባስልዮስ ፎቶውን አየና ወዲያው አጠፈው።

«ተወው በቃ። ከመንግሥት ጋር ክርክር ምን ይሠራልሃል? ፈርምና ይለቅ። ቅጣቱን እኔ እሸፍንልሃለሁ።»

የይታየው ዓይን እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ አበልጅ ከየት ይገኛል?

አስካለ ማርያም ግን ወረቀቱን ከባስልዮስ እጅ ወሰደች። ዘረጋችው... ባሏ ቀኑን ሙሉ ታርጋውን ሲያይ ነው የዋለው። እሷ ከታርጋው በላይ አየች።

«ይታየው... ጣሪያው ላይ የታሰረው ምንድን ነው?»

«በግ ነዋ።»

«እስቲ በደንብ እየው።»

ጥቁር ሙክት ነው። ወገቡን እንደ መቀነት ነጭ ዞሮበታል።

ይሄን ሙክት ሁለቱም ያውቁታል።

በክርስትናው ጠዋት ባስልዮስ አርፍዶ፣ እያለከለከ፣ ለልጁ ያመጣውን ሙክት በገመድ እየጎተተ በእግሩ ነበር የደረሰው። «ጎማ ፈንድቶብኝ መኪናዬን ከታች ትቻት መጣሁ» አላቸው። መኪናውን አንድም ቀን አይተዋት አያውቁም። በግ የሚያውቁት የመንዝ ሽማግሌዎች ሙክቱን ዞረው ዞረው አይተው፣ እንዲህ ያለ መልክ አይተን አናውቅም ብለው ነበር። ለዚህም ነው አስካለ ማርያም ቆዳውን አልሸጥም ብላ ለልጇ አጎዛ ያስለፋችው።

አጎዛው አሁን መደቡ ላይ ነው... ባስልዮስ የተቀመጠው እሱ ላይ ነው።

«ልጄን ስጠኝ» አለች።

አልሰጣትም። ሕፃኑን ጠበቅ አድርጎ ያዘው።

«ወረቀት የሌላት መኪና ናት... በእሷ ነው የምኖረው። ታርጋህን ከመመለሴ በፊት አስመስዬ ሌላ አሠራሁ። ሰውየውን ግን አላየሁትም፣ በሚካኤል! የዚህ ልጅ ክርስትና እንዳያመልጠኝ ስቸኩል ነው... አበልጅ አበልጁን ለፖሊስ ይሰጣል?»

«ልጄን ስጠኝ አልኩህ!»

ባስልዮስ ሰጣት... ተነሥቶም ወጣ።

ይታየው አልተከተለውም። አጎዛውን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገ። በማግስቱ ጠዋት ሳጅኗ ጠረጴዛ ላይ፣ ከፎቶው አጠገብ ዘረጋው፤ የሆነውንም ሁሉ ነገራት።

እሷም አይታ ስትጨርስ አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ታርጋህ ሲጠፋ ለምን አላመለከትክም?»

«ተመለሰልኝ እኮ...» አለ ይታየው፤ አንገቱን ደፋ።

ወዳጆቼ፣ እኛ አንድ ሰው ደግ ሲሆንልን ጥያቄ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ደጉን ሰው አመስግኑ፣ መርቁት፤ የጠፋባችሁን ነገር ግን ቢመለስም አመልክቱ። ስማችሁን የያዘ ነገር ከእጃችሁ ወጥቶ በቆየበት ጊዜ ምን እንደተሠራበት አታውቁም።

እኔን ግን እስካሁን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው... ባስልዮስ የቸኮለው ለክርስትና ልጁ ብሎ ነበር።

እናንተ ብትሆኑስ? አጎዛውን ይዛችሁ ትሄዱ ነበር ወይስ አበልጅ ነው ብላችሁ ትፈርሙ ነበር?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... እውነቱን ግን!