ከጣሪያው ሥር ያለችው

«ወደ ኋላ ይበሉ፣ ጌታዬ!» ትለኛለች የአዳራሹ ጠባቂ። ጣቴ የሞዴሉን ጣሪያ ሊነካ የቀረው አንዲት ፀጉር ታህል ነው።

«ማንን ነው ወደ ኋላ የምትይው? እኔ እኮ ነኝ የሠራሁት!» ድምፄ አዳራሹን ዞሮ ይመለሳል። «ከሮተርዳም እስከ ግሮኒንገን የእኔ የዊበ እጅ ያላረፈበት ሕንፃ ካለ አሳዪኝ። ግማሽ ሆላንድን ያቆምኳት እኔ ነኝ!»

«መቶ ጊዜ አሳንሶ» ትላለች ልጄ ፌና ከጀርባዬ። ጠባቂዋ ሳቋን በእጇ ትሸፍናለች።

አልዋሸችም። አርክቴክቶች በወረቀት የሚነድፉትን ሕንፃ በእንጨትና በካርቶን አሳንሼ የምሠራ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ሪንስከ «አሳንሰህ ትሠራለህ፣ አግዝፈህ ታወራለህ፤ ሲደማመር ልክህ ይመጣል» ትለኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርተናል። ቤቶቹ የእኔ፣ ዛፎቹ የእሷ። መንገድ ዳር የሚበቅለውን ነጭ አበባ ትለቅማለች፣ ዘቅዝቃ ታደርቃለች፣ ቀለም ትነክረዋለች፤ ከዚያ በኋላ ጫካ ነው። አንዴ ወፍ መጥታ ጎጆ ልትሠራበት ነበር። ሁለት ወፎች ናቸው እንዲያውም።

በበጋ፣ እሁድ እሁድ፣ ሦስታችን በየብስክሌታችን ሆነን፣ አይብ በዳቦ ቋጥረን፣ የሥዕልና የሕንፃ ኤግዚቢሽኖችን እናዳርስ ነበር። አሁን ሁለት ነን። ሪንስከ ካረፈች ሦስተኛ በጋዋ ነው።

የዚህኛው ኤግዚቢሽን ርዕስ «ያልተገነቡ ሕንፃዎች» ይላል። ፊታችን የተቀመጠው ቤተ መጻሕፍት ለውድድር ቀርቦ የወደቀ ነው፤ ዳኞቹ ዓይን አልነበራቸውም። እኔና ሪንስከ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሞዴል እሱ ነው።

ፌና ጎንበስ ትላለች። «እማዬ የትኛው መስኮት ጋ ናት?»

የእኛ ሙያ አንድ ወግ አለው። ጣሪያው ከመለጠፉ በፊት እያንዳንዱ ሠራተኛ ራሱን የሚመስል፣ ጥፍር የማያህል ሰው ሠርቶ ውስጥ ያቆማል። ለአርክቴክቱ አይነገርም። ጣሪያው ከተለጠፈ ደግሞ ማንም አይከፍተውም። ሪንስከ የተቀበረች ዕለት ማታ፣ ፌና እንቅልፍ እምቢ ብሏት ስታለቅስ፣ «እናትሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ዳር ናት፤ ጣሪያው እስካለ እዚያ ናት» አልኳት። ያኔ ተኛች።

በዕድሜዬ አርባ ሺህ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ ሁሉም ለሳቅ ነበር። ይቺ አንዷ ብቻ ለሳቅ አልነበረችም።

የዚህ ሞዴል ጣሪያ የተለጠፈ ቀን ሪንስከ ሐኪም ቤት ነበረች። «የእኔን ትንሽ ሰው ቀለም ቀብቻታለሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ናት፤ እስክመጣ ጣሪያውን እንዳትለጥፍ» ብላ ደወለች። ማስረከቢያው አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። የራሴን አቆምኩና ለጠፍኩ። ስትመጣ «ለሚቀጥለው» አልኳት። «አንተና ችኮላህ!» ብላ ሳቀች። የሚቀጥል አልነበረም።

«የዛሬው ብርሃን አይመችም» እላለሁ። «ባይሆን ወጣ ብለን አይስክሬም እንብላ።»

«አባዬ፣ ሁለት ሰዓት በባቡር የመጣሁት ለአይስክሬም ነው እንዴ?» ስልኳን አውጥታ ወደ ጠባቂዋ ትዞራለች። «እናቴ ውስጥ ስላለች ነው። መብራት ላብራ?»

ጠባቂዋ እኔን ታየኛለች፤ እሷን ታያታለች። «ሳትነኪ» ትላታለች።

ፌና በጉልበቷ ትንበረከካለች። ፊቴን እንዳታየው እኔ ዞሬ ከሞዴሉ ማዶ እቆማለሁ። የስልኩ ብርሃን በመጀመሪያው ፎቅ ይገባል፤ መደርደሪያዎቹን ያልፋል፤ ደረጃውን ይወጣል። ብርሃኑ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

«አንተን አገኘሁህ» ትላለች። «አለቅጥ ረዝመሃል። በሩን ትበልጠዋለህ።»

«ልኬቱ ልክ ነው! በሩ ነው ያጠረው።»

አትስቅም። ብርሃኑ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ እንደገና ወደ ግራ። ጎብኚዎች ከኋላችን ያልፋሉ። አንድ ሰውዬ ለሚስቱ «ዛፎቹን እያቸው፣ እውነተኛ እኮ ነው የሚመስሉት» ይላታል። በሌላ ቀን ቢሆን እንግዳዬ አድርጌው እስከ ባቡር ጣቢያ ድረስ እተርክለት ነበር።

«እሷስ?» እላለሁ። ድምፄ እንዲህ አንሶ ሰምቼው አላውቅም።

የፌና ትንፋሽ የሪንስከን ዛፎች ያወዛውዛል።

«አጠገብህ ናት» ትላለች። «ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃለች፣ ያው እንደ ልማዷ።»

በዚህ ልኬት የሚቀረጽ ትንሽ ሰው ጫማ የለውም። እግር እንኳ የለውም፤ ከወገብ በታች አንድ ሽቦ ነው።

እኔም እንበረከካለሁ። ከእኔ ወገን ባለው መስኮት አጮልቄ አያለሁ፦ ባዶ ወለል፣ ባዶ ወንበሮች፣ መሃል ላይ ብቻውን የቆመ ረጅም ሰውዬ። ከእሱ ማዶ ያለውን መስኮት ከዳር እስከ ዳር የልጄ ዓይን ሞልቶታል፤ ረጥቧል፣ እኔን ነው የሚያየው።