በንብ እርባታ መጽሐፍ ውስጥ ያለችው ልጅ

አንባቢዎቹ ቅዳሜ ተሰብስበው የሳምንቱን መጽሐፋቸውን ተራ በተራ ያወራሉ።

«የኔ የፍቅር ታሪክ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ደስ ይላል። ግን መሃል ላይ ሹራቧን ገልብጣ የለበሰች ልጅ በር አንኳኩታ እናቷ እዚያ እንዳለች ትጠይቃለች። ከታሪኩ ጋር ምን አገናኛት?»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ። «ሰርቀሽ የኔን አነበብሽ እንዴ? የኔው የወንጀል ልብወለድ ውስጥ ናት እኮ!»

ጡረተኛው መምህር አልሳቀም። «የኔ የንብ እርባታ መመሪያ ነው» አለ። «ልጅቷ ግን እዚህም ውስጥ አለች።»

ነርሷ ሰማቻቸው። ልጇ ወጥታ ከቀረች ወዲህ ምንም ነገር አይሰማትም። የዚያን ቀን ልጅቷ ሹራቧን ገልብጣ እንደወጣች ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«እትዬ፣ የእርስዎስ?» አላት ፀጉር አስተካካዩ።

ገና ያልጀመረችውን መጽሐፍ ገልጣ፣ ዓይኗ ያረፈበትን መስመር ጮክ ብላ አነበበች።

«እማ፣ በስንቱ መጽሐፍ ፈለግሁሽ።»