የወንድሟ ድርሻ

መንታዎቹ ከጊዜያቸው አስር ሳምንት ቀድመው ተወለዱ። ወንዱ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ከጭብጥ የማትበልጠው እህቱ ወተቱ በአፍንጫዋ ቱቦ በየሦስት ሰዓቱ ቢወርድላት፣ ፕሮቲንም ቢጨመርበት፣ አንዲት ግራም እንኳ አልጨመረችም።

"ጉልበት የሚሰጠውም ሰውነት የሚገነባውም በልኩ ነው" አለ ሐኪሙ ወረቀቱን ደጋግሞ እያየ። "ታዲያ ምግቡ የት ነው የሚገባው?"

"ለወንድሟ እያካፈለች ነው" አለች እናትየዋ። "እሱም እኮ ይርበዋል።"

አንጋፋዋ ነርስ ትከሻዋን ዳበስ አደረገቻት። "አይዞሽ እህቴ፣ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ።"

ሐኪሙ የሕፃኗ ሆድ የሚችለውን ያህል ወተቱን ከፍ አደረገላት።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ እንደ ወትሮዋ ሚዛኑን ዜሮ ላይ መልሳ ሕፃኗን አስተኛቻት። ትናንት አንድ ኪሎ የነበረችው ልጅ ሁለት ኪሎ ሆነች።

"ይሄ ሚዛን እንደኔው ጃጅቷል!" ብላ እየሳቀች ሕፃኗን አነሳችና ለእናትየዋ አቀበለቻት።

ባዶው ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ቀረ። ቁጥሩም፣ የሚፈራገጥ ሕፃን ሲመዘን እንደሚሆነው፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።