ሻለቃና ሰበር ችሎት

የልብስ ሰፊዋ አውራ ዶሮ ስሙ ሻለቃ ነበር። ማለዳ አጥር ላይ ወጥቶ ሲጮኽ ለሰፈሩ ሁሉ ትእዛዝ የሚሰጥ ይመስላል።

በግራ በኩል የሚኖሩት ጡረተኛ የችሎት ጸሐፊ ከሰሷት። «እንቅልፍ ነሣኝ» የሚል አቤቱታ አስገቡ። ፊታቸው ግን ጠግቦ እንደተኛ ሕፃን ወዝ ነበረው። እንዲያውም ገና ሻለቃ ሳይነቃ ተነሥተው ግቢያቸውን ሲጠርጉ ብዙ ሰው አይቷቸዋል።

በቀኝ በኩል የሚኖረው ጥርስ ሐኪም ደስታውን አልቻለውም። ጸጥታ ወዳድ ነው። አምና ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጎረቤት በውሻ ጩኸት ከሶ፣ ውሻውን ከሰፈር አስወጥቶታል።

«ጋሼ፣ የልቤን ነው ያደረሱልኝ! ምስክር ካስፈለገ እኔ አለሁ» አላቸው።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለጡረተኛው ፈረደ። ሻለቃ ከግቢው እንዲወጣ ታዘዘ።

ልብስ ሰፊዋ ከችሎቱ ደጃፍ ተቀምጣ አለቀሰች። ሻለቃን ገና ጫጩት ሳለ በኮቱ ኪስ ይዞት የመጣው ባሏ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ከስፌት መኪናው ሌላ የሚሰማ ድምፅ የሻለቃ ብቻ ነው። ያለ ዶሮው ቤቱን እንዴት አድርጋ እንደምትኖርበት አታውቅም።

ጡረተኛው አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

«ምን ያስለቅስሻል? ይግባኝ በይ እንጂ!»

«ረትተውኝ ደግሞ ይመክሩኛል? ኧረ ጋሼ፣ በቁስሌ ላይ እንጨት አይስደዱብኝ።»

«መብትሽ ነው ልጄ። ጊዜው እንዳያልፍብሽ።»

ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ሰውየው ችሎት ናፍቋቸው ነው፤ ክርክሩ እንዳያልቅባቸው ይሳሳሉ ተባለ።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ልብስ ሰፊዋ ዳኛውን ዘላ ልትስም ምንም አልቀራት። ጥርስ ሐኪሙ ግን ቆዘመ።

«በቃ ተሸነፍን ማለት ነው?»

«ገና ምኑ ተይዞ!» አሉ ጡረተኛው። «ይኼ ፍርድ የሚያስረው እሷንና እኔን ብቻ ነው። ነገ ሌላው ሌላ ዶሮ ይዞ ሲመጣ ክርክሩ ከሀ ሊጀመር ነው። ሰበር ሰሚ ችሎት ሕጉን ከተረጎመው ግን ከታች እስከ ላይ ያለ ፍርድ ቤት ሁሉ ይገዛበታል።»

«ለዶሮ ሁሉ?»

«ለዶሮ ሁሉ።»

ጥርስ ሐኪሙ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ጋሼ!»

ጡረተኛው ሰበር ችሎት ፊት ያለ ጠበቃ ቀረቡ። ሰብሳቢው ዳኛ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የዚህ ዶሮ ጩኸት ከሌላው ዶሮ በምን ይለያል?»

«በምንም አይለይም፣ ክቡር ዳኛ። እንዲያውም እንዲህ ያለ ግሩም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።»

ከኋላ የተቀመጠው ጥርስ ሐኪም አንገቱን ደፋ።

«ለመሆኑ ለማን ነው የሚከራከሩት?»

«ለእውነት ነዋ፣ ክቡር ዳኛ!»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ።

ፍርዱ አጭር ነበር። «ሕግ የሚከለክለው ከተለመደው የጉርብትና ኑሮ የሚያልፈውን ሁከት ነው። አውራ ዶሮ በግቢው ሲጮኽ ተፈጥሮውን ፈጸመ እንጂ ጎረቤት አላወከም። ይህ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ በሚገኝ ፍርድ ቤት ላይ አስገዳጅ ነው።»

የሕግ መምህራን ሬዲዮ ላይ ቀርበው ተሟገቱበት። አንዱ ውሳኔው ለጉርብትና ሕግ አዲስ በር ከፍቷል አለ፤ ሌላው ነገ የውሻም ጉዳይ ይነሣል ብሎ አስጠነቀቀ። ልብስ ሰፊዋ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ ከሻለቃ ጋር አዳመጠች።

ጡረተኛው ሽንፈታቸውን በጨዋ ደንብ ተቀበሉ። የውሳኔውን ግልባጭ ማኅተም አስመትተው ከደረት ኪሳቸው ከተቱና፣ ልብስ ሰፊዋን እንኳን ደስ አለሽ አሏት። እሷም ቂም አልያዘችም። ጥርስ ሐኪሙ ግን ሰላምታ እንኳ ነፍጓቸው ወደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ አንድ የጭነት መኪና ከጡረተኛው ደጃፍ ቆሞ በየቅርጫቱ የታጨቁ አውራ ዶሮዎችን ሲያራግፍ፣ እሳቸው በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው «ቀስ! ቀስ! ጌቶቹ እንዳይደነግጡብኝ!» ይሉ ነበር።