የቀጂው ስካር

ተማሪ ሲጠጣ ስካሩ በቀዳለት ሰው ላይ እንዲያርፍ ከተደረገ ወዲህ፣ በትምህርት ቤት ድግስ ለተማሪ ደፍሮ የሚቀዳ ጠፋ። ስንዱ ግን ከዚያ በፊት፣ በምረቃ ድግስ ላይ ልጇን ይትባረክን አጠጥቶ የገደለባትን አስተናጋጅ፣ ገዛኸኝን፣ አልረሳችም።

ዘንድሮ በወላጆች ድግስ ላይ የሚቀዳው እሱ መሆኑን ስትሰማ፣ ተማሪ ልጇን ሶስናን የራሷን ቀሚስ አልብሳ ከንፈሯን ቀባቻት፤ ልጅቷ አስተማሪ መሰለች።

«ከእሱ እጅ ብቻ ጠጪ፤ አንቺን ምንም አይነካሽም» አለቻት።

ገዛኸኝ ሳይጠረጥር ደጋግሞ ቀዳላት። ብዙም ሳይቆይ እግሩ ከዳው፤ በሰው ሁሉ ፊት ተዘርሮ አስመለሰ። ከውጭ ሆና በመስኮት ስታይ የነበረችው ስንዱ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ቤት ሲገቡ ሶስና ቀሚሱን እያወለቀች፣ «እማዬ፣ የሚቀጥለው ድግስ መቼ ነው?» አለቻት።

«ለምን ፈለግሽው?»

«መጠጡ ጣመኝ።»